«ያልተነካ» የሚሉት አሸዋ

ስለ ምዕራብ አፍሪካ ደሴቶች የሚወጣ የጉዞ ጽሑፍ አንድ ቃል ሳይጠራ አያልፍም፤ «ያልተነካ»። ያልተነካ አሸዋ፣ ያልተነካ ደን፣ የሰው እግር ያልረገጠው ዳርቻ፣ ቱሪስት ያላበላሸው የመጨረሻ ገነት። ወሬው ከጊኒ ቢሳው ጠረፍ ፊት ለፊት ስለተበተኑት የቢጃጎስ ደሴቶች ሲሆን ደግሞ ቃሉ ይብስበታል። ደሴቶቹ 88 ያህል ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርባቸው ግን 20 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩትስ? «ባዶ ናቸው» ይላል ማስታወቂያው። ድንኳንህን፣ መንጠቆህንና ካሜራህን ይዘህ ና፤ ሌላው ሳይሰማ ቅደም። እኔ ደግሞ እነዚህ ደሴቶች የተከለከሉ ናቸው እላለሁ። በ«ያልተነካ» እና በ«የተከለከለ» መካከል ያለው ርቀት የቃላት ጨዋታ አይምሰላችሁ። ያልተነካ ነገር ባለቤት የለውም፤ የተከለከለ ነገር ግን ከልካይ አለው። ጀብደኛው ተጓዥ የመጀመሪያውን ቃል የሚወደው ሁለተኛው ፈቃድ ስለሚያስጠይቀው ነው።

የተቃራኒውን ወገን ሙግት አስቀድሜ በሙሉ ጉልበቱ ላቁመው። እንዲህ ይላሉ። የጀብዱ ተጓዥ እንደ ጅምላ ቱሪስት አይደለም። አስፋልት አይጠይቅም፤ የመዋኛ ገንዳ አያስቆፍርም፤ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ፣ በአገሬው ሰው ታንኳ ተሳፍሮ፣ ሩዝና ዓሣ በልቶ ይመለሳል። የሚከፍለው ፍራንክ በቀጥታ ባለታንኳው እጅ ይገባል። ደግሞስ የሚያየው ዓይን ከሌለ ለእነዚህ ደሴቶች ማን ይቆረቆራል? ጎብኚ ያልደረሰበት ዳርቻ ላይ አሸዋ ጫኙ፣ መረብ ጎታቹ መርከብና ወደብ ሠሪው ይደርሱበታል። ገንዘብ የምታስገኝ ኤሊ ከምትበላ ኤሊ ይልቅ ዕድሜዋ ይረዝማል። የደሴቶቹ ወጣቶችም እንግዳ ይፈልጋሉ፤ «ከእንግዳ እንጠብቃችሁ» ማለት እነሱን እንደ ሕፃን መቁጠር ነው። በዚያ ላይ ሰው ያላየውን አይወድም፣ ያልወደደውን አያድንም። ይህ የሞኝ ሙግት አይደለም። ቅን ሰዎች ያምኑበታል፤ ከፊሉም እውነት ነው፣ ወደዚያ እመለሳለሁ። የተበላሸው ከሥሩ ነው፤ ደሴቶቹ እንዲህ ሆነው የቆዩት ማንም ስላልደረሰባቸው ነው ከሚለው ግምት።

ፖይላዎን እንውሰድ። በቢጃጎስ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የምትገኝ፣ ስፋቷ 50 ሄክታር የማይሞላ ደሴት ናት። መንደር የለባትም። ከባሕር ላይ ሆኖ ለሚመለከታት ዙሪያዋን አሸዋና ድንጋይ የታጠቀች አንዲት ጭብጥ ደን ናት። በማስታወቂያው ቋንቋ ከዚህ የበለጠ «ባዶ» አይገኝም። ዝናቡ በሚበረታበት ወራት ግን ማታ ማታ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ከውኃው ይወጣሉ። ከመቶ ኪሎ የሚበልጥ ገላዋን በመቅዘፊያ እግሮቿ እየጎተተች፣ በየጥቂት ክንዱ ቆም ብላ በረጅሙ እየተነፈሰች፣ አንዷ ኤሊ ወደ ላይኛው አሸዋ ትሳባለች። በኋላ እግሮቿ እንስራ የመሰለ ጉድጓድ ቆፍራ መቶ ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ ትደፍናለች፤ ትመለሳለች። በጥሩ ዓመት በዚህች ሚጢጢ ደሴት ላይ ከ20 ሺህ በላይ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ይቆፈራል። አሸዋው ከመጣበቡ የተነሣ ኋላ የመጣችው የቀደመችውን እንቁላል እየቆፈረች ትበትነዋለች። በመላው ምዕራብ አፍሪካ ከዚህ የሚስተካከል የአረንጓዴ ኤሊ መራቢያ የለም።

ታዲያ ኤሊዎቹ እዚህ ለምን ተረፉ? ሥጋቸውም እንቁላላቸውም በጠረፉ ሁሉ የሚበላ ነው፤ ለታንኳ ቀዛፊ ሕዝብ ደግሞ ፖይላዎ ሩቅ አይደለችም። የደሴቶቹ ሕዝብ ቢጃጎዎች በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በጦር ታንኳዎቻቸው ዋናውን የብስ ያሸብሩ የነበሩ ባሕርተኞች ናቸው፤ አንዲት ደሴት የተሰወረችባቸው ይመስል «ማንም አልደረሰባትም» ማለት ቀልድ ነው። መልሱ ሌላ ነው። ፖይላዎ የካንያባክ ደሴት ሰዎች ይዞታ ናት፤ ባለቤቶቿም ቅድስት ብለው ለይተዋታል። ለሥርዓት የሚሄዱባት የአዋቂነት ሥርዓቱን ምሥጢር ያለፉ ወንዶች ናቸው፤ የሚሄዱትም ጊዜ ተቆርጦ፣ ለተወሰነ ጉዳይ ነው። እንዲህ ባለ ቅዱስ ቦታ ደም አይፈስበትም፤ ሬሳ አይቀበርበትም፤ ቋሚ ቤት አይሠራበትም። ጊኒ ቢሳው በ2000 እ.ኤ.አ. የዥዋዎ ቪዬራና ፖይላዎ የባሕር ብሔራዊ ፓርክን ስታቋቁም አዲስ ሕግ ከባዶ አልጻፈችም፤ የነበረውን ሕግ ማኅተም አደረገችበት። ዩኔስኮ በ1996 ደሴቶቹን የባዮስፌር ክልል ሲላቸው፣ በ2025 ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግባቸው፣ የመዘገበው ሰው የጠበቀውን ነው። ተጓዡ «ተፈጥሮ» ብሎ ፎቶ የሚያነሣው እንግዲህ የፍርድ ቤት ውሳኔን የሚያህል ነገር ነው። ከወረቀት ይልቅ በሰው አፍና በሰው ፍርሃት ተጽፎ በመገኘቱ ብቻ ሕግ ሳይመስለው ቀረ።

ነገሩ በተቀደሱ ደሴቶች ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ «ጥቂት ልዩ ቦታዎች ናቸው» ተብሎ በታለፈ። ነገር ግን በቢጃጎስ ሰው የማይኖርበት ደሴት ሁሉ የአንድ መንደር ይዞታ ነው። ሩዝ በዝናብ የሚዘራበት፣ መሬቱ እንዲያርፍ ዓመታት የሚተውበት፣ የዘንባባ ፍሬ የሚለቀምበት፣ ልጆች የአዋቂነት ሥርዓት የሚፈጽሙበት ነው። ቤት አለመኖሩ ባለቤት አለመኖሩን አያሳይም፤ ዘንድሮ ያረፈ ማሳ ባለርስቱ ሞቷል ማለት ነውን? ባሕሩ ሲሸሽ ደግሞ ተመልከቱ። የጌባ ወንዝ ለዘመናት ያከማቸው ደለል ኪሎ ሜትሮች ድረስ ይገለጥና ውኃ የነበረው ጭቃማ ሜዳ ይሆናል። ከሩቅ ግራጫና ባዶ ነው። ቀረብ ሲሉ ግን ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው፣ ወገባቸውን አጎንብሰው፣ ኮምቤ የሚሉትን ባለሁለት ቅርፊት የባሕር ምግብ ከጭቃው እየለቀሙ ነው። የትኛው ጎን ዘንድሮ እንደተለቀመ፣ የትኛው እንደሚያርፍ፣ ማዕበሉ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ያውቃሉ። ከጎናቸው ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ ክረምት የሸሹ የባሕር ዳር ወፎች፣ በመቶ ሺዎች ሆነው፣ በዚያው ጭቃ ውስጥ የየድርሻቸውን ይነቅሳሉ። የኡሮክ ደሴቶች፣ ማለትም ፎርሞዛ፣ ናጎና ሼዲያ፣ ይህን የቆየ ልማድ በ2005 ወደ ካርታ አውጥተው ባሕራቸውን በየክልሉ ከፋፈሉት፤ እዚህ ማን ያጠምዳል፣ በምን መረብ፣ ለቤቱ ነው ወይስ ለገበያ የሚለውን ራሳቸው ቆረጡ። ይህን ሁሉ የመዳሰስ፣ የመከልከል፣ የመቁጠርና የማሳረፍ ሥራ «ያልተነካ» ብሎ የጠራ ሰው የሴትዮዋን ወገብ ሳያይ አልፏታል።

በእኛም አገር እኮ «ድንግል መሬት» የሚል አነጋገር አለ። ለባለሀብት በሚነገርበት ጊዜ በዚያው መሬት ላይ ከብቱን የሚያሰማራው ሰው ከሥዕሉ ይወጣል። ቃሉ ስንት ዶዘር እንደመራ ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

«ባዶ» ብሎ ማየት ምን እንደሚያስከትል ደሴቶቹ ራሳቸው አንድ ጊዜ አሳይተውናል። በ1792 እ.ኤ.አ. 275 ያህል እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በሦስት መርከብ ወደ ቦላማ ደሴት ተነሡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሐሳባቸውም በዘመኑ ሚዛን የተሻለ የሚባል ነበር፤ በባሪያ ጉልበት ሳይሆን በቅጥር ሠራተኛ እናለማለን ብለው ነው። ካሊፕሶ የተባለችው መርከብ ከሌሎቹ ቀድማ ደረሰች። ሰው ሲያጡ ደሴቱን ባዶ ነው ብለው ማንንም ሳይጠይቁ ሰፈሩ። ቦላማ ሰው አልባ የመሰለችው ግን ቢጃጎዎችና ቢያፋዳዎች የሚባሉ ሕዝቦች የሚጣሉባት መሬት ስለነበረች ነው። የካንያባክ ተዋጊዎች መጡ፤ ከሰፋሪዎቹ የተገደሉት ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተማረኩ። ፊሊፕ ቢቨር የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን ቆይቶ ሲደርስ መጀመሪያ መደረግ የነበረበትን በመጨረሻ አደረገ፤ ወደ ካንያባክ ሄዶ ከነገሥታቱ ጋር ተነጋግሮ በሸቀጥ ገዛ። ያም አላዳናቸውም፤ ወባውና ሌላው በሽታ ጨረሳቸውና ቢቨር በ1793 መጨረሻ ገደማ ከጥቂቶች ጋር ለቆ ወጣ። የመርከቦቹ የአንዷ፣ የሃንኪ፣ ስም ደግሞ ከዚያ በኋላ በካሪቢያን ከተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ጋር ተያይዞ ቀርቷል። ፖርቱጋልና እንግሊዝ በዚችው ደሴት ሲጨቃጨቁ ኖረው በ1870 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ሽምግልና ተቀምጦ ለፖርቱጋል ፈረደ። ቦላማም እስከ 1941 የቅኝ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች፤ ዛሬ የቅኝ ግዛት ዘመን ሕንጻ ዓምዶች ፍርስራሽ ሆነው ቆመዋል። ካንያባክ ራሷ ግብር አንከፍልም ብላ ስታምፅ ቆይታ በጦር የተረታችው በ1936 ነው። ይህን ያሳለፈ ምድር ነው «ዓለም ያልደረሰበት» የሚባለው? ዓለም ደርሶበታል፤ ደጋግሞ፣ መሣሪያ ይዞ። ዛሬ ጸጥ ያለው ገና ስላልጀመረ አይደለም።

«ሩቅ» የሚለውን ቃልም ዝም ብለን አንለፈው። ከማን ነው የሚርቀው? ለተጓዡ ርቀት የሚገዛ ሸቀጥ ነው፤ ስልክ አይሠራም፣ ፖሊስ የለም፣ መብራት የለም፣ ነፃነት ነው። በ2000ዎቹ የኮኬይን አዘዋዋሪዎች ወደነዚሁ ደሴቶች የመጡት ለዚሁ ሲሉ ነበር፤ ስልክ አይሠራም፣ ፖሊስ የለም፣ መብራት የለም። ሁለቱን፣ ወንጀልንና ሽርሽርን፣ ማመሳሰሌ አይደለም፤ ዕቃው ግን አንድ ነው፣ ገዢው ነው የተለያየው። ሁለቱም የሚፈልጉት የመንግሥትን አለመኖር ነው። አሁን ከዚያው ደሴት አንዲት ምጥ የያዛት ሴት እናስብ። በታንኳ ተጭና፣ ማዕበሉ እስኪሞላ ጠብቃ፣ ሞተሩ ቤንዚን ካለው ወደ ቡባኬ ደሴት፣ ካልተቻለም ወደ ዋና ከተማዋ ቢሳው መሻገር አለባት። ተጓዡ በዚያው ውኃ፣ በዚያው ታንኳ፣ በዚያው ማዕበል ላይ ሲሄድ «ጀብዱ» ይባላል፤ ስለ እሱም ይጻፋል። የእሷ ስም የለውም። ጀብዱ ማለት እንግዲህ ሌላው ሰው አማራጭ አጥቶ የሚኖረውን ኑሮ ለአንድ ሳምንት መዋስ ከሆነ፣ ቢያንስ የሚዋሰው ሰው ዕቃው የተበደረ መሆኑን ይወቅ። ቢታመም ደግሞ የሚያወጣው ያው ታንኳ፣ የሚቃጠለውም ያው ቤንዚን ነው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚረታው በዚህ ነው። ተጓዡ ለባለታንኳው በእጁ ይከፍላል መባሉ እውነት ነው፤ ከጠቅላላ ወጪው ያ ስንተኛው ነው ግን? በቡባኬና በሩባኔ ደሴቶች ዙሪያ ካሉት የዓሣ ማጥመጃ ማረፊያዎች አብዛኞቹ በውጭ አገር ሰዎች የተያዙ ናቸው፤ ጉዞው የሚሸጠው አውሮፓ ውስጥ ነው፤ የሚጠጣው ወይን፣ የሞተሩ ዕቃ፣ የመንጠቆው ክር ሁሉ በመርከብ የሚመጣ ነው። ለደሴቱ የሚቀረው የወጥ ቤትና የቀዛፊ ደመወዝ ነው። አልንቀውም፤ ደመወዝ ደመወዝ ነው። የሚሸጠው ነገር ግን ወጥና ቀዘፋ አይደለም። የሚሸጠው ትውልዶች ሲከለክሉ ኖረው ያቆዩት ባሕር ነው፤ ለዚያ ሥራ የሚከፈል ሒሳብ ደግሞ በደረሰኙ ላይ የለም። ለምን የለም? ሥራው እንደ ሥራ ስላልተቆጠረ። «ተፈጥሮ» ሠራችው ለተባለ ነገር ለማን ይከፈላል? ቃሉ ንጹሕ አድናቆት ይመስላል፤ በገበያ ላይ ግን ዋጋ የሚሰብር ቃል ነው።

«ቁጥራችን ትንሽ ነው፣ ዱካችን ቀላል ነው» የሚለውም በራሱ ላይ የሚመሰክር ነው። «ሌላው ሳይመጣ ቅደም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሌላውን የሚጠራው ማን መሰለው? ፎቶውን ያሰራጫል፣ ካርታው ላይ ነጥብ ያደርጋል፣ ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ «ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም» ይላል። የኬፕ ቨርዴዋን ቦዋ ቪስታ ተመልከቱ። የሷም አሸዋ አንድ ሰሞን «ማንም ያላወቀው» ተብሎ ተሸጧል። ቀጥሎ የውጭ አውሮፕላን የሚያርፍበት ሜዳ መጣ፣ ምግብና መጠጡ ሁሉ አስቀድሞ የሚከፈልባቸው ግዙፍ ሆቴሎች መጡ። ሆቴሎቹን ሊገነቡ ከሳንቲያጎ ደሴትና ከዋናው አህጉር የመጡት ሠራተኞች በሳል ሬይ ከተማ ጥግ፣ ባራካ በሚሉት የቆርቆሮና የብሎኬት ሰፈር ታጨቁ። ኤሊ እንቁላል የምትጥልበት አሸዋ ላይ የቱሪስት ባለ አራት ጎማ ሞተር ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያመጡት ሻንጣ አዛዮቹ ናቸው አልልም፤ ወደ ቦዋ ቪስታ ገንዘብ የሳቡ ኃይሎች ከእነሱ በላይ ናቸው። ግን ጀብደኛው «እኔ ከጅምላው ቱሪስት የተለየሁ ነኝ» ሲል ልዩነቱ የወረፋ ነው፤ እሱ ከፊት ነው የቆመው።

ስለ ዱካ ቀላልነት ደግሞ ኤሊዋ ትመስክር። ከባሕር ስትወጣና ጉድጓድ ሳትጀምር በፊት በጣም ደንጋጣ ናት፤ አንድ የእጅ ባትሪ፣ አንድ የቆመ ሰው ጥላ ሳትጥል ሊመልሳት ይችላል። ጫጩቶቹ ደግሞ ከአሸዋው ሲፈለፈሉ የሚከተሉት ከአድማሱ ብሩህ የሆነውን ነው፤ ሰው ከሌለ ያ ባሕሩ ነው፣ ሰው ካለ የድንኳን መብራት ሊሆን ይችላል። ሻንጣው ትንሽ ነው፣ እሳቱ ትንሽ ነው፣ ሰውየው ጥሩ ሰው ነው። ባትሪው ግን በርቷል። ዛሬ በፖይላዎ ጎብኚ ያለ ፓርኩ ጠባቂ አሸዋው ላይ እንዲንጎራደድ የማይፈለገው ለዚህ ነው፤ መልካም ልብ የጠባቂን ቦታ አይተካም።

አሁን ከፊሉ እውነት ነው ወዳልኩት ሙግት ልመለስ፤ ጎብኚ ከሌለ የባሰ ይመጣል ወደሚለው። የባሰው እውነት ነው፣ ቅርብም ነው። በ2021 የሲየራ ሊዮን መንግሥት ከፍሪታውን ወጣ ብሎ በሚገኘው ብላክ ጆንሰን ዳርቻ 55 ሚሊዮን ዶላር በሚያወጣ የቻይና ገንዘብ የዓሣ ወደብ ሊሠራ መሆኑ ሲሰማ ከጮኹት መካከል በዚያ ማረፊያ የነበራቸው የቱሪዝም ሰዎች ይገኙበታል። ይህን አልክድም፤ ጩኸታቸውም ጠቅሟል። ነገር ግን ጩኸቱን ክስ ያደረገው ምን ነበር? የመሬቱ ባለቤቶች «ማን ጠይቆን?» ማለታቸው። ዳርቻው «ባዶ» ቢሆን ኖሮ መንግሥት ያለ ሙግት ይሰጠው ነበር። ወደብ ሠሪውና ጀብደኛው ተቀናቃኞች መስለው ይታያሉ፤ የመነሻ ሐሳባቸው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም እዚህ ሰው የለም ይላሉ። አንዱ «ስለዚህ እንገንባ» ሲል ሌላው «ስለዚህ እንዝናና» ይላል። ቢጃጎስንም ከመረብ ጎታቾችና ከሻርክ ክንፍ አዳኞች ሰፈር ያቆየው የጎብኚ ፍቅር አይደለም፤ በኡሮክ የቆመው ደንብ፣ በታንኳ የሚዞረው ጠባቂ፣ ቅድስት በተባለች ደሴት ላይ እግሩን ለማሳረፍ የሚፈራው ሰው ነው። ጎብኚ በዚህ ላይ ሊጨምር ይችላል። ሊተካው ግን አይችልም፤ «ያልተነካ» እያለ በሚመጣበት ጊዜ ደግሞ ወደብ ሠሪው ነገ የሚጠቅሰውን ምስክርነት እየሰጠለት ነው።

ብርቱው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። «አንተም እኮ ልማዱን ገነት አደረግኸው» ሊሉኝ ይችላሉ። በቢጃጎስ ወጣት ለሽማግሌው ዓመታት ይገብራል፤ የዕድሜ ደረጃውን ለማለፍ ሩዝና ዘይት ተሸክሞ ያቀርባል፤ ሥርዓቱን ያልፈጸመ ሰው ብዙ በር ይዘጋበታል። ብዙዎች ይህን ጥለው ወደ ቢሳው ይሄዳሉ። ልክ ነው፤ ክልከላ ሁሉ ፍትሕ አይደለም። ነገር ግን ይህ ጠብ የማን ነው? የደሴቶቹ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር የሚከራከሩበት፣ አንዱን ደንብ ጥለው አንዱን የሚያስቀሩበት ጉዳይ ነው፤ ኡሮክም የተሠራችው እንዲህ ባለ ክርክር ነው። ያልተነካ ደሴት የሚፈልግ ተጓዥ ግን ይህን ክርክር ራሱን አይወድም። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ፣ የጸሐይ መብራት ሲገባ፣ ልጁ ስልክ ሲይዝ «ተበላሸ» ይላል። ሰዎቹን ያለ ለውጥ ሊያቆማቸው የሚሻው ማን ሆነና ነው እኔ ልማድ አምላኪ የምባለው?

ወጣቶቹ እንግዳ ይፈልጋሉ ለሚለውማ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንግዳ ይፈልጋሉ። እንግዳ ግን በር አንኳኩቶ የሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ የሚነገረው፣ «እዚያ ጓዳ አትግባ» ሲባል የማይከፋ ሰው ነው። በኦራንጎ ደሴት በባሕር ውኃ የሚዋኙትን ጉማሬዎች ሊያይ የሚመጣ ሰው ገቢው ለመንደሮቹ እንዲደርስ ታስቦ በተደራጀ ማረፊያ ያድራል፤ መንገዱን በሚያውቅ ሰው ተመርቶ ይሄዳል፤ በ1930 ስለሞተችው የኦራንጎ ንግሥት ስለ ኦኪንካ ፓምፓ ይሰማል፤ ከማረፊያው አጠገብ ያለው ደን ለምን እንደማይቆረጥም ይነገረዋል። ያ ሰው ከጀብደኛው ያነሰ አያይም። ለአማርኛ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጣና ላይ ሴት የማይገባበት ክብራን ገብርኤል አለ፣ በጎንደርና በጎጃም ማሳ መሃል እንደ ደሴት ተከብበው የቀሩት ደኖች ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው ናቸው። እነዚያን ደኖች «ያልተነኩ» ብሎ የሚጽፍ የውጭ ሰው ቢመጣ ምን እንለዋለን? ለስንት መቶ ዓመት ምሣር የያዘ ጎረቤት ያየው፣ የፈለገው፣ ግን የፈራው ደን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። አጥሩ ሳይታይ ሲቀር ደግሞ ባለቤቱን መናቅ ሳይታወቅ ይፈጸማል፤ የጀብዱ ጽሑፍ የሚያደርገው ይህንን ነው።

ስለዚህ አትሂዱ አልልም። ባለቤት ያለበት ቦታ እንደሚኬድ አድርጋችሁ ሂዱ ነው የምለው። የሚሄደው ሰው አስጎብኚውን «ባዶ ደሴት የቱ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ «ይህ ደሴት የየትኛው መንደር ነው? ማንን ነው የምንጠይቀው? የማይገባበትስ የት ነው?» ይበል። መልስ የሌለው አስጎብኚ ደሴቱን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ዋጋውን ነው። ለክፍያውም ከባለታንኳው ጎን ሌላ ስም ይኑር፤ የከለከለው መንደር። «አይቻልም» የሚል መልስ ሲመጣ ደግሞ የጉዞው ውድቀት ተብሎ አይመዝገብ። ያ መልስ ነው ደሴቱን ያቆየው፤ ተጓዡ ሊያየው የመጣው ነገር በትክክል ያ ነው። የካሊፕሶ ሰዎች በ1792 ቦላማ ላይ አጥር አላዩም፣ ቤት አላዩም፣ ሰው አላዩም፤ ያዩት ያልተነካ ምድር ነበር። ካንያባክ ግን በዚያን ቀንም ታንኳ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነበረች፤ ዛሬም እዚያው ናት።